አዎ የምንልባት ትንፋሽ

ትንፋሼን ለማረም ሥልጠና ወስጃለሁ። ቀልድ አይደለም፣ ሰርተፊኬት አለኝ። ዱባይ ውስጥ፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ፣ ቅዳሜ የዕረፍት ቀኔን ሰጥቼ፣ አሠልጣኝ ፊት ቆሜ አየር አሳሳቤን ተለማምጃለሁ። ለዚያ ቀን የሙያ ማጎልበቻ ነጥብ ተሰጥቶኛል። የሙያ ፈቃዴን ለማሳደስ ነጥብ ያስፈልገኛል፣ ነጥብ ደግሞ የሚሰጠው እንዲህ ባለ ቦታ ተቀምጦ ምሳ ለበላ ሰው ነው።

እኛ አገር ሰው "አዎ" ለማለት ሁልጊዜ "አዎ" አይልም። አፋችንን ገርበብ አድርገን አየር ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን፣ በቃ። "በላሽ?" ሳብ። "ደረስሽ?" ሳብ። እናቴ ከኮምቦልቻ ስትደውልልኝ ከቃሏ ይልቅ ትንፋሿ ይበዛል። ማንም አላስተማረንም፣ እንዲህ እናደርጋለን ብሎ ያሰበም ያለ አይመስለኝም። እኔም ዱባይ መጥቼ እስኪነገረኝ ድረስ እንደማደርገው አላውቅም ነበር።

የካንሰር ጨረር ሕክምና ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ታካሚውን ማሽኑ ሥር በትክክል ማስተኛት፣ ምስል አንስቼ ጨረሩ የሚያርፍበት ቦታ ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ፣ ከዚያ ከወፍራሙ በር ውጭ ወጥቼ ጨረሩን መልቀቅ ነው። አንድ ቀን አንዲት በዕድሜ የገፉ ታካሚ ጫማቸውን እያደረጉ "ሕክምናው ደህና እየሄደልኝ ነው?" ብለው በእንግሊዝኛ ጠየቁኝ። በጣም ደህና እየሄደላቸው ነበር። ደስ ብሎኝ ሳብ አደረግኩ። ሴትየዋ ክው አሉ። ስክሪኑ ላይ አንድ ጉድ አይቼ የደነገጥኩ መስሏቸዋል። ያን ሌሊት እንቅልፍ ሳይወስዳቸው ቀርቶ ልጃቸው ቅሬታ አቀረበ።

ለሴትየዋ አዝኛለሁ፣ ቅሬታውም አግባብ ነበር። ይቅርታም ጠይቄያለሁ። ያናደደኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። የክፍሉ ኃላፊ፣ አለቃዬ፣ ጉዳዩን "ያለፈቃድ የሚወጣ የድንጋጤ ድምፅ" ብላ ግምገማዬ ላይ "መሻሻል ያለበት" ከሚለው ሥር አሰፈረችውና ወደ ሥልጠናው ላከችኝ። አሠልጣኟ "እስኪ ድምፁን አሰሚን" አለችኝ። ሰው ሳይጠይቀኝ እንዴት አሰማለሁ? "ጠይቂኝ" አልኳት። "ዛሬ ሙቀት ነው?" አለችኝ። ሳብ አደረግኩ። አዳራሹ በሳቅ አወካ። ከየአገሩ የተሰበሰበ ነርስና ባለሙያ፣ እያንዳንዱ የራሱን አንገት ማወዛወዝና ምላስ ማጮህ ይዞ የመጣ ሰው፣ በእኔ አየር ሳቀ።

አሻሻልኩት። ምን አማራጭ አለኝ? በጥቂት ወር ውስጥ ከአፌ የሚወጣው ጥርት ያለ "የስ" ብቻ ሆነ። አንድ አርብ እናቴ ደውላ "ደህና ነሽ?" ስትለኝ "አዎ" አልኳት። "ሥራ እንዴት ነው፣ ይመቻል?" "አዎ።" "ምነው ልጄ፣ አስቀየምኩሽ እንዴ?" አለችኝ። ያን ጊዜ ነው አንጀቴ እርር ያለው። እነሱ ለሥራቸው ብለው የነቀሉት ነገር ከእናቴም ጋር የሚያነጋግረኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ክፍላችን ውስጥ የሚወራው ስለ ከፍተኛ ባለሙያ መደብ ነበር። በሌላ አገር ከጀመረ ቆይቷል። ማሽን ከማንቀሳቀስ አልፎ ምስሉን አይቶ የሚወስን፣ ታካሚውን አስቀድሞ የሚያዘጋጅ፣ ሐኪሙ የማይደርስበትን የሚከታተል የጨረር ባለሙያ ማለት ነው። እኔ ለዚህ የሚያበቃውን ትምህርት በርቀት እየተማርኩ ነበር። የምኖረው አጅማን ነው፣ ሥራዬ ዱባይ፣ መሐል ላይ ደግሞ ሻርጃ አለች። የሻርጃን መኪና መጨናነቅ የሚያውቅ ሰው እንዴት አነበብሽ ብሎ አይጠይቀኝም። አውቶቡሱ ሻርጃ ላይ ቆሞ ሾፌሩ ሲራገም እኔ ስለ ጡት ካንሰርና ስለ ልብ አነብ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ያን ትምህርት የሚማር ሌላ ሰው አልነበረም። አለቃዬ መደቡ መቼ ይከፈታል ስላት መልሷ አንድ ነው፣ "በቅርቡ"።

ከትምህርቱ በጣም የያዘኝ ትንፋሽ መያዝ የሚሉት ክፍል ነው። የግራ ጡት ካንሰር ላይ ጨረር ሲሰጥ ልብ እዚያው ሥር ነች። ታካሚዋ አየር ሞልታ ስትይዝ ግን ሳንባዋ ያብጥና ልቧ ከደረቷ ግድግዳ ሸሸት ትላለች፣ ጨረሩም ሳይነካት ያልፋል። ማሽኑ የደረቷን ከፍታ እያየ ስክሪን ላይ መስመር ያሰምራል። መስመሩ በሁለት አረንጓዴ መስመሮች መሐል ቀጥ ብሎ ሲቆይ ጨረሩ ይለቀቃል፣ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ራሱ ያቋርጣል። ይኸው ነው። አየር ስቦ ዝም ማለት።

አንድ ቀን መጠበቂያው ቦታ ላይ አንዲት ያገሬን ሴት አገኘሁ። ጥቁር አባያ ለብሳ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ በስልክ "አብሽሪ፣ ደህና ነኝ፣ ትንሽ ጉንፋን ነው" ትላለች። ካንሰር ሕክምና ክፍል ደጃፍ ተቀምጦ ጉንፋን! ስልኩን ስትዘጋ ሰላም አልኳት። ከኮምቦልቻ ብዙም የማትርቀው የሐርቡ ሰው ሆና ተገኘች። የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ ስላት እጄን ይዛ አልለቅ አለች። ከእኔ በአሥር ዓመት ያህል ትበልጣለች፣ አል ዋርቃ አንድ ቪላ ቤት ውስጥ ሠራተኛ ነች። የግራ ጡቷ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ለጨረር ተልካለች። የቤቱ ሾፌር ውጭ እየጠበቃት ነበር።

"ለጨረሩ የሚሆነውን ሲቲ ስካን አነሱሽ?" አልኳት።

ሳብ አደረገች። ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! ደስ አለኝ።

"ትንፋሽ መያዙንስ አለማመዱሽ?"

ሳብ።

"ጎሽ። ያዝሽ ታዲያ?"

ዓይኗን ሰበረች። "አልሆነልኝም መሰለኝ፣ እህት ዓለም። በስፒከሩ 'ትንፋሽ ያዢ' ይላል፣ እሺ እላለሁ፣ ያቆሙታል። 'አትንቀሳቀሺ' ይላል፣ እሺ እላለሁ፣ ደግሞ ያቆሙታል። አረብኛውን እሰማለሁ እኮ! ዋላሂ አንዱ አላመለጠኝም። ኋላ ልጁ መጥቶ 'ኸላስ፣ በቃ' ብሎ አወረደኝ። ሙሽኪላ፣ ችግር አለ እንዴ?"

"እሺ ስትያቸው እንዴት አድርገሽ ነው?"

ይቺ ልጅ ጤናም የላት እንዴ በሚል ዓይን አየችኝና ሳብ አደረገች።

ጆሮዬ ጋለ። ሮጬ ገብቼ መዝገቧን ከፈትኩ። "ድንገተኛ የትንፋሽ መቆራረጥ፣ ጭንቀት፣ መመሪያ የመከተል ችግር። ለትንፋሽ መያዝ አትሆንም።" መመሪያ የመከተል ችግር! ለእያንዳንዱ መመሪያ እሺ ያለችን ሴት! በሕይወቷ ሙሉ እሺ ከማለት ሌላ ሥራ ያልተሰጣትን ሴት! ቁጭ ብዬ ደግሜ አነበብኩት፣ ባነበብኩት ቁጥር ባሰብኝ። በተለመደው አተነፋፈስ ትታከም ተብሎ ተወስኗል። ያ ማለት ነገ ይጎዳታል ማለት አይደለም። ካንሰሩ ይታከማል። ልቧ ግን መውሰድ የሌለባትን ጨረር ትወስዳለች፣ ጉዳቱም ከዓመታት በኋላ፣ አገሯ ገብታ የሐርቡን ዳገት ስትወጣ ሊመጣ ይችላል። ያን ጊዜ ዱባይ ውስጥ ማን ያስታውሳታል?

ሲቲውን ያነሳት ከኬራላ የመጣ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ትሑት ልጅ ነው፣ ክፋት አያውቅም። "ታፍናለች ብዬ ፈራሁ፣ የድንገተኛ ጥሪውን ቁልፍ ልጫን እጄን ዘርግቼ ነበር" አለኝ። "አዎ እያለችህ እኮ ነው" ስለው ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ አወዛወዘ። በእሱ አገር ያ መስማማት ነው፣ በእኔ አገር እምቢታ ይመስላል። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

አለቃዬ ቢሮ ገባሁ። እሷ ኢሜይሏን እያየች፣ እኔ ቆሜ አስረዳሁ። እስከመጨረሻው ሰማችኝ፣ ያንን አልክድም።

"የአንቺ ያ ድምፅ ማለትሽ ነው?" አለች ፈገግ ብላ። "ያሻሻልሽው?"

"ድምፅ አይደለም፣ መልስ ነው" አልኳት።

"ሐኪሙ ፈርመዋል። አንቺ ደግሞ ገና ከፍተኛ ባለሙያ አይደለሽም። ይህ ከሥራ ድርሻሽ ውጭ ነው።"

"ከፍተኛ ባለሙያ የሚያደርገኝን መደብ ያልከፈትሽው አንቺ ነሽ" አልኳት። እንዲህ ማለት አልነበረብኝም፣ ግን አልኩ። ፊቷ ተለወጠ። ቢሆንም ደንታ ቢስ ሰው አይደለችም፣ ልብ የሚለው ነገር እሷንም ይይዛታል። ሐኪሙን አነጋገረችና ሐሙስ ከምሳ በፊት የሲቲው ክፍል ለሩብ ሰዓት ክፍት መሆኑን ነገረችኝ። ከሆነላት የሕክምናዋ ፕላን ይቀየራል። ካልሆነ የተፈረመው ይቀጥላል፣ ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ጉዳይ ወሬ የለም። "ግልጽ ነው?" አለችኝ። "የስ" አልኳት፣ ባሠለጠኑኝ ጥርት ያለ ድምፅ።

ሐሙስ መጣች። አልጋው ላይ ሆና ነገሩን በአማርኛ አስረዳኋት። ልብሽ እዚህ ነች፣ ጨረሩ በዚህ ያልፋል፣ አየር ሞልተሽ ስትይዢ ልብሽ ትሸሻለች። "ገባሽ?" ሳብ። ስክሪኑ ላይ መስመሩ እንደ ፍየል ዘለለ። ባልደረባዬ ከመቆጣጠሪያው ክፍል በመስታወቱ አየኝ።

"አየሽ እህቴ፣ ችግሩ እሱ ነው። እሺ አትበይኝ። ዝም በይ።"

"እሺ" አለች፣ በትንፋሽ።

ወጣሁና በስፒከሩ "አየር ሳቢ፣ ያዢ" አልኳት። ሳበች፣ ያዘች፣ መስመሩ ቀጥ አለ። "ጎበዝ!" ስላት እሺ ብላ መለሰች። ተበላሸ። "አትመልሺልኝ" አልኳት። ለእሱም መለሰች። ደግመን ሞከርን። "እንደሱ፣ ቆዪ" ስል እሺ አለች። ባልደረባዬ አፉን በመዳፉ ሸፈነ። ዝም ብለን ያለ ንግግር እናድርገው እንዳልል፣ መቼ እንደምትስብ፣ መቼ እንደምትለቅ የሚነግራት ድምፅ ያስፈልጋታል፣ በየቀኑ ደግሞ የማስተኛት እኔ ላልሆን እችላለሁ። የተሰጠችን ሩብ ሰዓት እያለቀች ነው። ደሜ ፈላ። በስፒከሩ ጮህኩባት። "ዝም በይ አልኩሽ እኮ! ምን ማለት ነው ይሄ!"

ሰውነቷ ኩምትር አለ። ማዳም የጮኸችባት ያህል።

በሩን ከፍቼ ገባሁ። ያን ቀን ከተናደድኩባቸው ሰዎች ሁሉ እሷ የመጨረሻዋ መሆን ነበረባት፣ የተቀበለችው ግን እሷ ነች። አጠገቧ ቆምኩ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

"እህት ዓለም፣ ሰው እየተናገረሽ እንዴት ዝም ይባላል?" አለችኝ። "ነውር አይደለም? ማዳም ስትጠራኝ ፎቅ ላይ ብሆን፣ ሻወር ውስጥ ብሆን 'ሃዲር'፣ 'አቤት' እላለሁ። ካልመለስኩ ቤቱ ይናወጣል። የማልመልሰው ሶላት ላይ ስሆን ብቻ ነው። ያኔ እሷም ታውቃለች፣ አትጠራኝም።"

እኔም ሰጋጅ ነኝ፣ ሶላት ላይ ቤት ቢንኳኳ፣ ስልክ ቢጮህ፣ እናቴ ብትጠራኝ አልመልስም። ማንም ጋጠወጥ አይለኝም። ይህን የማውቅ ሰው እስካሁን ምን ስዘበዝባት ነበር?

"ሶላት ላይ ሆነሽ እኔ መጥቼ እዚህ ጋ ባወራብሽስ?" አልኳት።

"ኧረ እንዴት ተደርጎ! ትንፍሽ አልልም።"

"ይሄ ሶላት አይደለም፣ አደራ። ግን አለመመለሱ እንደሱ ይሁን። ድምፄን ትሰሚያለሽ፣ ያልኩሽን ታደርጊያለሽ፣ አትመልሺልኝም። እኔም አልቀየምሽም። ነውሩን ለእኔ ተይው።"

"እንዲያ በይኝ እንጂ!" አለች፣ እንባዋን በእጇ ጀርባ እየጠረገች። "እስካሁን እሱን ብትነግሪኝ ምን አለበት?"

ወጣሁ። "አየር ሳቢ። ያዢ።" መስመሩ ወጣና በሁለቱ አረንጓዴዎች መሐል ገባ። "ቆዪ።" አልመለሰችም። "እንደሱ ነው።" አልመለሰችም። መስመሩ ቀጥ ብሎ ሄደ፣ ሄደ። እኔም ከእሷ ጋር ይዤ ኖሮ ደረቴ ሊፈነዳ ደረሰ። "ተንፍሺ" ስላት ሦስታችንም ተነፈስን። ሲቲውን አነሳናት። ምስሉ ሲመጣ ልቧ ከደረቷ ግድግዳ ሸሽታ፣ በመሐል ጥቁር የሳንባ ክፍተት ታየ። ባልደረባዬ በጣቱ ስክሪኑ ላይ ያንን ክፍተት ነካ። 

ከተሰጠን ጊዜ በላይ ወስደን ነበር። ቀጣዩ ታካሚ በመጠበቁ አለቃዬ በኢሜይል አስጠነቀቀችኝ። ሐኪሙ ፕላኑን ቀየሩ። ሁለቱም በአንድ ቀን ደረሱኝ፣ የትኛውን ደጋግሜ እንዳነበብኩ መናገር አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ ሕክምናዋ ተጀመረ፣ በየቀኑም ያዘች። ማሽኑ ላይ እኔ በሌለሁበት ቀን እንኳ የተቀዳውን አረብኛ እየሰማች፣ ሳትመልስ። ጉዳዩ እዚህ ቢያበቃ ንዴቴም ይበርድ ነበር።

ግን ቅዳሜ መጣ። ያው ሆቴል፣ ያው አዳራሽ። ርዕሱ "በካንሰር ሕክምና የባለሙያዎች አቅም ግንባታ" ነው፣ አቅማችንን የሚገነቡት ደግሞ በዕረፍት ቀናችን ነው። ከአጅማን ጠዋት ተነስቼ ሻርጃን አልፌ ደረስኩ። ከምሳ በፊት የመጨረሻዋ ተናጋሪ አለቃዬ ነበረች። ስላይዱ ሲከፈት የሐርቧ ሴት መስመር አዳራሹን አክሎ ግድግዳው ላይ ወጣ። ስም የለውም፣ ግን ያችን የምትዘል መስመር የት ባያት አውቃታለሁ።

አለቃዬ አስረዳች። "ታካሚዋ በጭንቀት ምክንያት ያልተለመደ የትንፋሽ ምላሽ ታሳይ ነበር። ክፍላችን በማረጋጋት ዘዴ አስታግሶላታል።" ቀጣዩ ስላይድ ቀጥ ያለው መስመር ነው። ጭብጨባ። "የረዳችን ባልደረባችን እዚህ አለች፣ ልክ ነኝ አይደል?" ብላ ወደ እኔ ጠቆመች። ማይክ እጅ በእጅ ደረሰኝ።

እንዲህ ያለ ንዴት ተናድጄ አላውቅም። በራሴ ሥራ 'የረዳችን' መባሌ አይደለም። እሱም ያቃጥላል፣ ግን እሱን ልውጠው እችል ነበር። ያንገበገበኝ፣ ያች ሴት አልተጨነቀችም! አልታመመችም! ሰው ለተናገራት መልስ ሰጠች። ይህ አዳራሽ ሙሉ ሰው "የጭንቀት ምላሽ" ብሎ ጽፎ ከሄደ፣ ከአል ባርሻ ወይም ከጀበል አሊ የምትመጣው ቀጣይዋ እህቴ ያን አልጋ ላይ ትተኛለች፣ በትንፋሿ እሺ ትላለች፣ ማረጋጊያ ይሰጣታል፣ ከዚያ "አትሆንም" ትባላለች። ልቧም ጨረሩ ሥር ትቀራለች።

ማይኩን አፌ ጋ አስጠግቼ ሳብ አደረግኩ። ስንት ወር ያፈንኩት ነበርና ከሆዴ ነው የወጣው። በድምፅ ማጉያ አዳራሹን ሞላው። ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው ሴት ቡናዋን ጭኗ ላይ ደፋች። አንድ ሰው ብድግ አለ።

"ይሄ 'አዎ' ማለት ነው" አልኩ። "በአገሬ እንዲህ ነው የምንለው። የተናገርሽው ግን አዎ አይደለም፣ ልክ አይደለሽም።"

ስናደድ እንግሊዝኛዬ ይሰባበራል፣ ያን ቀንም ተሰባበረ። ቢሆንም ነገርኳቸው። ታካሚዋ መመሪያውን ሁሉ እንደተከተለች፣ ትንፋሿን ያቋረጠችው መልስ ስለሰጠች መሆኑን፣ አትመልሺ ተብላ ሲፈቀድላት ማንም ሳያረጋጋት እንደያዘች። "ይህን ድምፅ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ አሰሚን ብላችሁ ሳቃችሁበታል፣ ከዚያ አሻሻላችሁልኝ" አልኩ። "ባታሻሽሉት ኖሮ ሁላችሁም ታውቁት ነበር። ለሴትየዋም ያን ጊዜ የሲቲ ክፍሉ ውስጥ ባልደረቦቼ 'አዎ አለችን' ይሉላት ነበር።"

ከኋላ ሁለት ሦስት ሰው ማጨብጨብ ጀመረ፣ አንዳንዱ ሲጽፍ አየሁ። አለቃዬ "ስላካፈልሽን እናመሰግናለን፣ ሰዓታችን ደርሷል" ብላ ወደ ምሳ ጋበዘች። ምሳ! ሰው ወደ ሩዙና ወደ ዶሮው ተንጋጋ። እኔ አልበላሁም። ስወጣ በር ላይ ሰርተፊኬቴን ሰጡኝ። "በተሳታፊነት" ይላል። ከነነጥቡ።

ከዚያ ወዲህ አለቃዬ ሰላምታዋ ቀዝቃዛ ነው። ልክ አይደለሽም ብዬ በሰው ፊት መናገሬ አልተረሳም፣ እኔም እንዲረሳ አልለመንኩም። የአማርኛ መመሪያ በድምፄ ልቅዳ፣ መጀመሪያው ላይም "አትመልሺ፣ ነውር አይደለም" የሚል ይግባበት ብዬ አመልክቻለሁ። እየታየ ነው ተብያለሁ። መደቡም "በቅርቡ" ነው። ስናደድ ውዬ ስናደድ አድሬያለሁ፣ አሁንም ይህን ስጽፍ እጄ ይሞቃል።

የሐርቧ ሴት የመጨረሻ ቀን እኔና የኬራላው ልጅ ነበርን ማሽኑ ላይ። አስተኛኋት፣ ወጣሁ፣ በሩ ተዘጋ። "አየር ሳቢ። ያዢ።" ያዘች። ጨረሩ ተለቀቀ፣ አለቀ። "ተንፍሺ።" ተነፈሰች። "አልቋል እህቴ፣ ኸላስ። ጨረስሽ፣ አልሐምዱሊላህ።"

ዝም።

"እህቴ፣ ሰምተሽኛል? ጨርሰናል።"

አሁንም ዝም። በካሜራው አያታለሁ፣ ጣሪያውን እያየች ጭጭ ብላለች። ከዚያ ነገሩ ገባኝ። አትመልሺ ያልኳት እኔ ነኝ፣ መልሺ ብሎ የፈታት ሰው የለም።

"በይ አሁን መልሺልኝ" አልኳት።

በስፒከሩ መጣች፣ ረጅም፣ ወደ ውስጥ የተሳበች። መስመሩ አረንጓዴዎቹን አልፎ ወደ ላይ ዘለለ። እኔም ሳላስበው፣ ማይክም ሳልከፍት፣ ሳብ አደረግኩላት።

ባልደረባዬ ዓይኑን ከስክሪኑ አላነሳም፣ እጁም ወደ ጥሪው ቁልፍ አልሄደም። "አዎ አለች" አለኝና የሚቀጥለውን ታካሚ መዝገብ ከፈተ። ለዚህኛው ነጥብ አልተሰጠውም።